የሕክምና ታሪካችንን ለቆራሌው

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት በአዲስ አበባ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ይከፈት የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ ከተወያዮቹ አንዱ ሕመምተኛ መድኃኒት አጥቶ በሚንከራተትበት አገር አሮጌ መርፌ በመስታወት ውስጥ መደርደር ቅንጦት ነው ሲሉ አጣጣሉት። በዚህም ሳያበቁ፣ ሚሲዮናውያን ካመጡልን በቀር ለጎብኚ የምናሳየው የሕክምና ታሪክ የለንም ብለው አረፉት። የመድኃኒት እጥረቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን እጥረቱ ሙዚየም በመገንባቱ አልመጣም፤ ባለመገንባቱም አልተቃለለም።

የምናሳየው የለንም የሚለው ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ የአገሬው ሰው ከፈንጣጣ ሕመምተኛ መግል ወስዶ ጤነኛውን ይከትብ እንደነበር ጽፏል። ኮሷችን በዚያው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ በሽታውን የመከላከል ምርምራቸውን ጀመሩ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው ሚሲዮናዊ ያመጣልን?

ተናጋሪው ከሁሉ በላይ የረሱት የዘነበወርቅን ሰፈር ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሲቋቋም ቦታው ከከተማ ውጪ ነበር፤ ከተሜው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በቅርብ ማየት አይፈልግም ነበርና። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡት ሕሙማን፣ ከታከሙ በኋላ እንኳ በቀያቸው የሚቀበላቸው ስላጡ፣ ብዙዎቹ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። ከተማዋ ቆሻሻዋን የምትደፋበት ቆሼም የተመረጠው እዚያው አካባቢ ነው። ሕሙማኑንና ጥራጊውን ወደ አንድ አቅጣጫ መግፋት ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም፤ የገዛ እጃችን ሥራ ነው፤ ምናልባትም መታየቱ የማይፈለገው ስለዚሁ ይሆናል። ሆስፒታሉ በ1965 እ.ኤ.አ. የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል (አለርት) ሆነ፤ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም ከጎኑ ተከተለ። ዛሬ በሽታው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ ጥምር መድኃኒት ይድናል። መገለሉን የሚያድነው የትኛው ፋርማሲ ነው?

ለሥጋ ደዌ ታማሚ የሚሠራን ጫማ ልብ ብሎ ያየ ነገሩ ይገባዋል። ደዌው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ እግር ሲወጋ አያውቅም፤ ስለዚህ ጫማው በምስማር አይመታም፣ የውስጥ ሶሉም ለስላሳ ጎማ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ጫማ በእጁ ገልብጦ ቢመለከት፣ ጣት የሚቆርጠው እርግማን ሳይሆን ሳይሰማ የቆየ ቁስል መሆኑን ከየትኛውም ፖስተር በተሻለ ይረዳል።

እኛ የያዝነው ግን ሌላ መንገድ ነው። ከአየር ጤና ወዲያ ካለ ሱቅ ቆሎ የተጠቀለለልኝ ወረቀት የአንድ ጤና ተቋም የታካሚዎች መዝገብ ቅጠል ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አውራጃ፣ የገባበት ቀን፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ተሽሎት ወጣ» የሚል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበታል። ባለሱቁ ወረቀቱን ከቆራሌው በኪሎ ነው የገዛው። የታካሚ ምስጢር የሚባለውን ነገር ለጊዜው ልተወው።

ተቋሙ የተሰየመለት ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 እ.ኤ.አ. ሲያገኝ የተመረኮዘው በማይክሮስኮፕ ብቻ አልነበረም። ኖርዌይ ከ1856 ጀምሮ ሕሙማኗን በብሔራዊ መዝገብ ታሰፍር ስለነበር፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሎ ሲከራከር መዝገቡ ማስረጃ ሆኖታል። የበርገን የሥጋ ደዌ መዛግብት ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ሰፍረዋል፤ ሕሙማኑ ይኖሩበት የነበረው የቅዱስ ዮርገን ሆስፒታልም ሙዚየም ሆኗል። ኖርዌይ ሀብታም ስለሆነች ነው የሚል ካለ፣ መዝገቡ ሲጀመር የነዳጅ ዘይቷ ገና ከባሕር ሥር እንደነበር ያስታውስ። ቅንጦት የተባለው ነገር የምርምር መሣሪያ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የቆሎ መጠቅለያ ሆኗል።

ሙዚየሙ መቆም ያለበትም ፒያሳ ወይም አምስት ኪሎ ሳይሆን እዚያው ዘነበወርቅ ነው፤ ለመጀመሪያው አንድ አሮጌ የሕሙማን ክፍል ይበቃል። እስከዚያው ጤና ተቋማት ንብረት ሲያስወግዱ፣ መዝገብና አሮጌ የሕክምና መሣሪያ ለጨረታም ሆነ ለቆራሌው ከመውጣቱ በፊት በታሪክ ባለሙያ እንዲታይ ይታዘዙ፤ ይህ ከመድኃኒቱ በጀት ላይ አንድ ብር አይነካም።