ኧረ በሩን ክፈቱላቸው

የሰፈሬ ሰዎች፣ የሌላም ሰፈር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪዎች፣ ላይብረሪና መረጃ አያያዝ የሚማሩት ማለቴ ነው፣ መጠይቅ ይዘው ሲመጡ ቆጠራ ነው እንዴ፣ ማን ላካችሁ እያላችሁ በር ትዘጋላችሁ፣ ቀበሌውም ደብዳቤ አምጡ እያለ ያመላልሳቸዋል፣ ማታ ደግሞ ለልጆቻችን ላይብረሪ የለም ብላችሁ ፌስቡክ ላይ ታለቅሳላችሁ።

አለ እኮ! ባለፈው ገብቼ አየሁት፣ ግማሹ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኗል፣ በእርዳታ የመጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከነካርቶኑ ቁጭ ብሏል፣ የርክክቡ ቀን ፎቶ ላይ ግን ሁላችሁም አላችሁ (እኔም አለሁ፣ አልዋሽም)።

ላይብረሪያን ማለት ለእናንተ ቁልፍ ያዥ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሐኪም ገና ተማሪ እያለ ሰፈር ይወርዳል፣ ሲቢቲፒ ነው የሚሉት፣ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና፣ በቡድን ሆነው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ የቱ ችግር ይብሳል ብለው ይለያሉ፣ ከነዋሪው ጋር ተመካክረው የቻሉትን ይሰራሉ፣ ነገሩ ከጤና አልፎ ሌላውም ትምህርት ውስጥ ገብቷል። ሽንት ቤታችሁ እንዴት ነው ላለ ተማሪ ትመልሱ የለ? ታዲያ ልጅሽ የት ነው የሚያጠናው፣ የማዳበሪያ ወሬ ከማን ነው የምትሰሙት ብሎ ለሚጠይቀው ምን ነካችሁ?

የላይብረሪ ተማሪው ክላስ የሚማረው ዲዊን ነው፣ መጽሐፍን በየርዕሱ ቁጥር ሰጥቶ መደርደሪያ ዘዴ፣ ከ000 እስከ 999፣ አንድ አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ሰውየው ለሃይማኖት ከመደባቸው 200ዎቹ አብዛኛውን ለክርስትና ሰጥቶ እስልምናን 297 ላይ አጣቦታል፣ እስቲ ይሄን ሐረር ወስዳችሁ ደርድሩት! የኛ ስም ደግሞ በራስ ስም ነው የሚደረደረው፣ የፈረንጅ ካታሎግ ተከትሎ በአባት ስም ያስቀመጠ ላይብረሪ ውስጥ አባባ ገብተው የሚፈልጉትን ደራሲ እንዴት ያግኙት? ይሄ ከሌክቸር አይገኝም፣ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ከአባባ ነው የሚሰማው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪያን ነበር፣ እዚህ መጥቶ ግን ሐዋሳ ላይ ለልጆች መጽሐፍ ያደረሰው በአህያ ጋሪ ነው፣ ልጆቹ ያሉበትን አይቶ።

ተማሪዎችም ብትሆኑ ፎርሙን አስሞልታችሁ ለማርካችሁ ብቻ ይዛችሁት አትጥፉ፣ ምን እንዳገኛችሁ ተመልሳችሁ ንገሩን፣ ሰው የሰለቸው በዚህም ነው።

ቅዳሜ እንደገና ይመጣሉ ተብሏል። የላይብረሪው ቁልፍ ያለህ ሰውዬ ራስህን ታውቃለህ፣ እስከዛ ወንበሮቹን አውጣልን፣ ጉልበት ካነሰህ እኔም እመጣለሁ።