ራምቦ ቤት የራምቦ ቤት አይደለም

ወንድሜ፣ ፈረንሳይ ተወልደህ ድሬን አገሬ ብለህ እየዞርክ መጻፍህ ደስ ይላል፣ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ላይ ብርዱ ይቀበልሃል ያልከውማ ልክ ነው። ግን «ጀጎል (የሐረር ግንብ) ውስጥ ራምቦ (ፈረንሳዊው ገጣሚ) የኖረበትን ቤት አየሁ» ያልካትን ላርማት። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚለው፣ እኔ ራሴ ከድሬ እንግዳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ስዋሽ ኖሬያለሁ ሃሃ። ያ ባለቀለም መስታወቱ ፎቅ ቤት የህንድ ነጋዴ ያሰራው ነው፣ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ራምቦ ሐረር የገባው በፈረንጅ 1880 መጨረሻ ላይ ነው፣ እየሄደ እየመጣ ቡናና ቆዳ ምናምን ሲነግድ ከረመና በ1891 ጉልበቱን ክፉኛ አሞት በቃሬዛ ተሸክመው ባሕር ዳርቻው ዘይላ ወደብ ድረስ አወረዱት (ያንን መንገድ በቃሬዛ አስበው እስኪ)፣ በዛው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። ስለዚህ እዛ ቤት አላደረም። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ግን እዩት፣ የድሮ ሐረር ፎቶዎቹ ብቻ ይበቃሉ።

ደግሞ «ድሮ ባቡሩ ሐረር ይገባ ነበር» ያልከው፣ ገብቶ አያውቅም። ተራራው ከብዷቸው ሃዲዱን በታች በኩል አሳለፉት፣ በፈረንጅ 1902 እዚህ ድሬ ደረሰ፣ ድሬም በሱ ሰበብ ተቆረቆረች።