«ለሁሉም ጆሮ ይሆናል» አትበሉን

ጫማ ስንገዛ እግራችንን አስገብተን፣ ቆመን፣ ወዲያ ወዲህ ተራምደን ነው የምንከፍለው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ስንገዛ ግን ካርቶኑን መክፈት እንኳን ክልክል ነው። አያት ብትሄዱ፣ ጣፎ ብትሄዱ፣ ሰሚት ብትሄዱ የሻጩ መልስ አንድ ነው፦ «እህቴ፣ ለሁሉም ጆሮ ይሆናል፤ ሁሉም ሰው የሚወስደው ይህንን ነው።» ለእኔ ጆሮ አይሆንም! ለሁሉም የሚሆን እንዲህ ያለ ማዳመጫ ገና አልተሠራም።

የጆሮ ቀዳዳ ከሰው ሰው ይለያያል። የአንድ ሰው ግራና ቀኝ ጆሮ እንኳን እኩል ላይሆን ይችላል። ደህና አምራቾች ከማዳመጫው ጋር ጫፉ ላይ የሚገጠም ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ የሚልኩት ለዚህ ነው። የእኔ ጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ትንሹ ጎማ እንኳን ያመኛል፤ ከዚያ ያነሰ ስጠይቅ ሻጮቹ የማይገኝ መድኃኒት የጠየቅሁ ያህል ይገረማሉ። ጎማው በልክ ካልገባ ደግሞ ነገሩ መውደቅ ብቻ አይደለም። ጆሮው በደንብ ካልተዘጋ ወፍራሙ ድምፅ አምልጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ጩኸት ነው። ያን ለማካካስ ድምፁን እንጨምራለን።

መጨመሩ ነው የሚያስፈራኝ። የሠፈራችን ጂም ከኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ ድምፅ ማጉያው ግን ለአዳራሽ የሚበቃ ነው። ብረት መሬት ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ የራስን ሙዚቃ ወይም የአሠልጣኝን ትምህርት ለመስማት የሚሞክር ሰው ድምፁን እስከ ጫፍ ይወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሰማ ጉዳት እንደማያስከትል ይገልጻል፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አሥር ዴሲቤል ብቻ ጨምሮ ሰዓቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል! ስለዚህ በልክ የሚገባ ጎማ መፈለግ ቅንጦት አይደለም፤ የመስማት ጉዳይ ነው። ደግሞም ጂም ውስጥ ማዳመጫ ለሴት ልጅ ከሙዚቃም በላይ ጥቅም አለው፤ ስፖርቴን ልሥራበት፣ አታናግሩኝ ለማለት ከዚህ የተሻለ ጨዋ መንገድ አላገኘሁም።

«ጩኸት የሚቀንስ ስጡኝ» ስትሉ ምን እንደሚሰጧችሁ ልብ በሉ። ካርቶኑ ላይ «ኢኤንሲ» ተብሎ የተጻፈበትን አንስተው «ይኸው፣ ጩኸት ያጠፋል» ይላሉ። ይህ ውሸት ነው። ኢኤንሲ የሚያገለግለው ስልክ ስታወሩ በወዲያኛው ጫፍ ላለው ሰው ነው፤ በማይክሮፎኑ የሚገባውን የአካባቢ ጩኸት ይቀንስለታል። የእናንተን ጆሮ ከውጭ ጩኸት የሚያሳርፈው «ኤኤንሲ» የሚባለው ነው። በአንዲት ፊደል ልዩነት ስንት ሰው ያላሰበውን ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል! ሻጩ ባያውቅ እንኳን የሚሸጠውን ዕቃ ማወቅ ሥራው ነው።

ስለ ላብ ስትጠይቁም «ውኃ አያስገባም» ይሏችኋል። የትኛው ውኃ? ምን ያህል? ይህ እኮ በዓለም አቀፍ መለኪያ የተቀመጠ ነገር ነው። አይፒኤክስ 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል፤ አይፒኤክስ 7 ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ሙከራው የሚደረገው በንጹሕ ውኃ ነው፤ ላብ ግን ጨው አለው፤ ጨው ደግሞ የቻርጅ መገናኛዋን ብረት ይበላል። ማዳመጫው ቻርጅ ወደሚያደርገው ማስቀመጫው ከመመለሱ በፊት በደረቅ ጨርቅ መጠረግ እንዳለበት አንድም ሻጭ ነግሮኝ አያውቅም። እኛን የከተማ ዳር ነዋሪዎች በተለይ የሚመለከት ሌላ ነገርም አለ። «ኤክስ» የምትለዋ ፊደል የገባችው በአቧራ መከላከያው ቁጥር ቦታ ነው፤ የአቧራ ደረጃው አልተገለጸም ማለት ነው። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ፊታችንን በነጠላ ለምንሸፍን ሰዎች ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ባትሪውን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ የማስቀመጫውን ባትሪ ጨምሮ ነው። አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ጆሮ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን «ምን ዓይነት ስፖርት ነው የምትሠሪው?» ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። ጆሮን ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ ማዳመጫ ብረት ለሚያነሣ ሰው ጥሩ ነው። መሮጫ ማሽን ላይ ለሚሮጥ ሰው ግን ጆሮው በተዘጋ መጠን የራሱ የእግር ኮቴ ጭንቅላቱ ውስጥ ዱም ዱም ይልበታል። አስፋልት ዳር የሚሮጥ ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ባጃጅ መስማት አለበት። በጣት ንክኪ የሚሠራውም በላብ ጠብታ ራሱ ዘፈን ይቀይራል፤ ላብ ለሚበዛበት ሰው የሚጫን ቁልፍ ያለው ይሻላል። ለሦስት የተለያዩ ሰዎች አንድ ካርቶን ማቀበል ንግድ አይደለም።

ሻጮች አንድ እውነተኛ መከራከሪያ አላቸው፤ እሱን አልክድም። ሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ የገባን ዕቃ ማንም መግዛት አይፈልግም። ታዲያ ከየዓይነቱ አንድ መሞከሪያ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል? ጎማው ይቀየራል፣ ቀሪው በአልኮል ይጠረጋል። ይህ ሳይደረግ ደረሰኝ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ማተም ገዢን አስሮ መሸጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እኮ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ጥራቱን ስላየ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ መብት አለው ይላል። ካርቶኑ ተዘግቶ ምኑን ነው የማማርጠው?

በአያት፣ በጣፎ ወይም በሰሚት አካባቢ አስሞክሮ የሚሸጥ፣ ከትንሹም ያነሰ ጎማ ያለው፣ ቢያንስ አይፒኤክስ 4 የሆነውን ለይቶ የሚያሳይ ሱቅ የምታውቁ ቦታውን ጻፉልኝ። መገናኛም ቢሆን እሄዳለሁ።