የግል ኮሌጆች ላይ ቁጥጥሩ ይጥበቅ ወይስ ይበቃል? ክርክር ከጎንደር

የመንግሥት ቁጥጥር በግል ኮሌጅ የሚማረውን ልጅ ይጠብቀዋል? ሁለት የጎንደር ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንደኛዋ የእህቷን ልጅ በግል ኮሌጅ ያስተማረች የአዘዞ ነዋሪ ናት። ሁለተኛው በግል ኮሌጆች ለዓመታት ያስተማረ መምህር ነው።

የአዘዞ ነዋሪዋ

የእህቴ ልጅ ከወገራ መጥታ እኔ ጋ ሆና ነው የተማረችው። አካውንቲንግ፣ በማታ። ክፍያው ከገብስ ሽያጭ የሚመጣ ነበር። ደረሰኞቹን በላስቲክ አስሬ አስቀምጫቸዋለሁ። የምዝገባ፣ የወር ክፍያ፣ የቅጣት፣ የመታወቂያ። ሁሉም ማኅተም አለባቸው። ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ የኮሌጁ ፈቃድ በሌላ ከተማ ላለው ካምፓስ መሆኑን ሰማን። ቢሮው ውስጥ በመስታወት የተሰቀለው ወረቀት እውነተኛ ነው። ጎንደርን ግን አይመለከትም።

የእውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ካምፓሱ፣ የትምህርት መስኩ፣ ቀኑ፣ ማታውና ርቀቱ ለየብቻ ነው የሚፈቀዱት። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ስንቱ ወላጅ ያውቃል?

ውጤቱንም እንይ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም የዲግሪ ተመራቂ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ተቋማት ያለፈው 62 በመቶ ገደማ ነው። ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ። 50 ያላመጣ ልጅ ዲግሪውን አያገኝም። ኮሌጁ ግን ብሩን ተቀብሏል። የተበላሸ ዕቃ ቢሸጥልኝ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ይተካልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ብዬ እንድጠይቅ ይፈቅድልኛል። ለትምህርት ሲሆን ምን ተለየ? ቁጥጥሩ ይጥበቅ።

መምህሩ

እህቴ፣ ልጅቷ ላይ የደረሰው ከልብ አሳዝኖኛል። ያለፈቃድ የመዘገበ ይጠየቅ፣ በዚህ አንለያይም። 17 በመቶውን ግን እንዲሁ አልቀበልም። የተሻለ ውጤት ያመጣው መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማረው ልጅ ዶርም አለው፣ ካፌ አለው፣ ሌሊቱን ያነባል። የኔ ተማሪ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ይገባል። አንዱ ቁልፉን ዴስኩ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ስቀሰቅሰው «ይቅርታ ቲቸር» ብሎ እስክሪብቶውን ያነሳል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መዝኖ ኮሌጁ ሌባ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቁጥጥር ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን ሲያግድ፣ የግል ኮሌጆችንም ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ ሲከለክል፣ ደህናውም መጥፎውም አብሮ ተመታ። የርቀቱ እገዳ በኋላ ተነሳ። በመሀል የተንገላታው ተማሪው ነው። ዛሬም ኮሌጅ ሲዘጋ ባለቤቱ ሕንፃውን ያከራያል። ልጁ ግን ሜዳ ላይ ይቀራል።

የአዘዞ ነዋሪዋ

መምህር፣ የባጃጁን ልጅ ነገር ሳነብ ሆዴ ባባ። እኔም የምከራከረው ለእሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ነድቶ ያመጣት ብር ከሌላው ብር የበለጠ ጥበቃ ያስፈልጋታል።

መዝጋት ብቻውን ጥበቃ አይደለም ያሉት ትክክል ነው። ስለዚህ ኮሌጁ ገና ሲከፈት ባንክ መያዣ ያስቀምጥ። ሲዘጋ ተማሪው ከዚያ ይከፈለው ወይም ሌላ ኮሌጅ ይጨርስበት።

መምህሩ

መያዣ ማን ያስቀምጣል? አዲስ አበባ አምስት ካምፓስ ያለው ያስቀምጣል። እዚህ ሁለት ፎቅ ተከራይቶ የሚሠራው አይችልም። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተነው ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ክፍል ባዶ ሆነ፣ ደሞዛችን ሳይቀር ዘገየ። ትንንሾቹ ሲወጡ የቀሩት ዋጋ ይጨምራሉ፣ ያኔ የወገራ ልጅ የት ትማር? በወር ይከፈል፣ የዓመት ክፍያ በቅድሚያ መቀበል ይከልከል። እኔ የምስማማው በዚህ ነው። ፈቃዱን ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በድረ ገጹ ያወጣል፣ ወላጅም ሳይከፍል በፊት አይቶ ይግባ።

የአዘዞ ነዋሪዋ

ድረ ገጽ አሉኝ። የልጅቷ እናት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥታ ነው የምትደውልልን። ለአቤቱታ ደግሞ የዲግሪ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን አዲስ አበባ ነው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ዝርዝሩ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንን ይጎዳል?

ሌላ ኮሌጅ ወስጃት ነበር። ሬጅስትራሩ ወረቀቷን አገላብጦ «ያለፈቃድ የተሰጠ ኮርስ አንይዝም» አላት። በመስከረም አንደኛ ዓመት ብላ እንደ አዲስ ተመዘገበች። የጎንደሩን ካምፓስ፣ የአካውንቲንጉን፣ የማታውን ፈቃድ አሳዩኝ ብዬ፣ ቆሜ አንብቤ ነው የከፈልኩት።