አንደኛ ክፍልን ለማን ትተነው ነው?

ወሎ ውስጥ መምህር መሆን ለሚያስብ ወጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ደሴ ወይም ወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገብቶ በዲፕሎማ አንደኛ ደረጃ ማስተማር ነው። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአንድ የትምህርት ዓይነት ዲግሪ መያዝና የማስተማር ሙያ ሥልጠናውን ጨምሮ ሁለተኛ ደረጃ መመደብ ነው። ምርጫው የዝንባሌ መሆን ሲገባው የሚለየው ውጤት ሆኗል። ኮሌጅ የደረሰውን ዘመድ «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ታሻሽላለህ» እያለ ያጽናናዋል፤ ሐዘን የደረሰበት ይመስል!

ለመሆኑ አንደኛ ክፍል ማስተማር ቀላል ነው ያለው ማን ነው? ልጁ «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለ ፊደሉን በዜማ ያወርደዋል፤ ወላጅም ልጄ ፊደል ለየ ብሎ ደስ ይለዋል። መምህሯ «ሚ»ን ነጥላ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍለት ግን ከ«መ» ጀምሮ በልቡ ካልቆጠረ መልስ የለውም። በቃሉ የያዘውን ካነበበው መለየት፣ ያውም በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ፣ ትልቅ ሙያ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ከማስተማር የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ጣቱን የቀሰረው በሁለተኛ ደረጃ መምህራን ላይ ነው። ጦርነቱ በወሎ ትምህርት ቤቶች ላይ ያደረሰውም ጉዳት አይካድም። ነገር ግን አንብቦ መረዳት የተሳነው ልጅ ችግሩ የጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አይደለም።

የዲፕሎማ መምህር መነሻ ደመወዝ ከዲግሪው ያንሳል። ስለዚህ ጎበዙ መምህር ክረምት በመጣ ቁጥር ዩኒቨርሲቲ ይመላለሳል፤ ዲግሪውን እንደያዘ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለመዛወር ማመልከቻ ያስገባል። ኑሮው እንዲህ ተወድዶ ሳለ አልፈርድበትም። የምፈርደው እንዲሄድ በሚገፋፋው አሠራር ላይ ነው። ዲግሪም ሁለተኛ ዲግሪም ይዞ አንደኛ ክፍል ላይ መቆየት የፈለገ መምህር ከደመወዙም ከእድገቱም አንዲት ሳንቲም ሊጎድልበት አይገባም።

መምህር ለመሆን የምርጫ ቅጽ ለመሙላት የተዘጋጃችሁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት በሰፈራችሁ ያለውን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አስፈቅዳችሁ ጥቂት ቀን አንደኛ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጫጫታው ካሰለቻችሁ የሁለተኛ ደረጃውን መንገድ ያዙ። ያ ልጅ «ሚ»ን ሳይቆጥር ሲያነብ ለማየት ከጓጓችሁ ግን የዘመዱን ማጽናኛ አትስሙ።