ሰው በዛ የሚለውም ሰው ነው

እሁድ ጢስ ዓባይ ሄጄ ተናድጄ ተመለስኩ። ፏፏቴው 45 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲጠለፍ ግን ጭሱም ይሳሳል። እሺ፣ መብራትም ያስፈልገናል። ፌስታሉስ? መንገድ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ላይ ጥቁር ፌስታል እንደ ፍሬ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የጫት ገረባ።

አንዱ ጎልማሳ አጠገቤ ቆሞ፣ «ሰዉ እኮ ቦታውን አበላሸው!» አለኝ። ይህን እያለ ባዶ ሃይላንዱን ወደ ገደሉ ወረወረው። «ኧረ ወንድሜ፣ አንተስ ሰው አይደለህ?» ብለው ገላመጠኝ።

ፎቶ ለመነሳት ደግሞ ወረፋ ነው፣ የዳቦ ይመስል። ከኋላዬ ያሉት «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው!» እያሉ ያጉረመርማሉ። ሁለት ሚኒባስ ሞልተው የመጡት እነሱ!

እኔም ብሆን፣ አልዋሽም፣ ፎቶዬን ሳልነሳ አልተመለስኩም።