መሰርሰሪያው ከመግባቱ በፊት ቅርሱ ይውጣ

በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ሙዚየም ውስጥ ኔብ-ሴኑ የተባለ የጥንት ግብፃዊ ምስል አለ፤ ከድንጋይ የተጠረበ፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በ2013 እ.ኤ.አ. ይህ ምስል በተቆለፈበት የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማንም ሳይነካው ዞሮ ጀርባውን ለጎብኚ መስጠት አመጣ። ቢመልሱት ደግሞ ይዞራል። እርግማን ነው ያለም አልጠፋም። በኋላ ንዝረት የሚለካ ባለሙያ ሲያየው ነገሩ ሌላ ሆነ። የምስሉ መቀመጫ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ የጎብኚው ኮቴና የውጭው መኪና ወለሉን ባንቀጠቀጡት ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይሽከረከራል።

ኮቴ ይህን ካደረገ መሰርሰሪያ ምን ያደርጋል? አሮጌ የሙዚየም ሕንፃ ይዘምን ሲባል ቀድሞ የሚታየን የመግቢያው አዳራሽ፣ ሊፍቱ፣ አዲሱ መብራት ነው። ቅርሱስ? «ለጥቂት ወር ነው፣ ላስቲክ አልብሱት» ይባላል። ላስቲክ አቧራውን ይከለክላል፤ እርጥበቱንም አፍኖ ይይዛል። ገልጠው ሲያዩት ብራናው ሻጋታ አብቅሏል። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ማረፊያ ሳይዘጋጅ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ተቆጥሮና ፎቶ ተነሥቶ ሳይወጣ አንድም ምስማር አይነቀል።

ወጪው ይበዛል፣ ጊዜም ይበላል፤ አልክድም። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ዋና ሕንፃ በ2003 ተዘግቶ የተከፈተው በ2013 ነው። የሠዓሊው የሬምብራንት ሥዕል «የሌሊት ዘብ» ግን በግንባታው ዘመን ለብቻው በተዘጋጀ አንድ ክንፍ ውስጥ ተሰቅሎ ሕዝብ ሲያየው ቆየና በደኅና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግድግዳውን ነው። በድንጋይና በኖራ የቆመ ወፍራም ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ከአየሩ እርጥበት ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይመልሳል። በሲሚንቶ ሲለስኑት ትንፋሹ ይታፈናል። ብርድ ባለበት አገር ደግሞ ለሥዕሎቹ ሲባል የክፍሉን አየር በማሽን ሲያረጥቡት ውርጭ የመታው ግድግዳ ያልበዋል። ጣውላ ላይ የተሣለ ሥዕል እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ቀለሙ አብሮት መሄድ ስለማይችል ይቀረፋል። ለሥዕሉ የተገዛው ማሽን ሥዕሉን በላው ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዴ የሚሻለው ሕንፃውን ትቶ ቅርሱ ያለበትን የመስተዋት ሣጥን አየር ብቻ መቆጣጠር ነው። ርካሽም ነው፤ ምናልባት ሰው የማይመርጠውም ለዚህ ይሆናል።

እሳቱስ? በጁን 2018 የግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከ2014ቱ ቃጠሎ በኋላ እየታደሰ ሳለ፣ እንደገና ነደደ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሪዮ ያለው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ወደ 20 ሚሊዮን ከሚጠጋው ስብስቡ አብዛኛውን አጣ፤ መርማሪዎች መነሻው የአዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ ነው አሉ። አንዱ በእድሳት መካከል፣ ሌላው እድሳት ሲጠብቅ።

እንግዲህ አትንኩት እያልኩ አይደለም፤ ሪዮ ምስክር ነው። አሮጌው ሽቦ ይቀየር፣ ጣሪያው ይጠገን፣ ከሊፍቱም በፊት። የምሟገተው ከሥራ ተቋራጩ ጋር ስለሚፈረመው ውል ነው። በግንባታ ጊዜ አቧራ በከንቱ ያስጮኸዋል ተብሎ የጭስ ጠቋሚው ይጠፋል፣ ጊዜያዊ ሽቦ በየወለሉ ይጎተታል፣ ብየዳው ይቀጥላል። የንዝረት መለኪያው ሲጮህ «አቁም» የሚለው ማነው? ውሉ ካልተናገረ ሥራ ተቋራጩ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚቀጣው በዘገየበት ቀን እንጂ በተሰነጠቀው ሸክላ አይደለም። የማስቆም ሥልጣኑ ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያው በጽሑፍ ይሰጥ፤ ሥራው የቆመበት ቀንም ከመዘግየት አይቆጠር።